በክር የለካሁት ዓይን

በዓይኔ ለክቼ የተሳሳትኩበት ቀን የለም። ጉራ ነው ካላችሁም እውነተኛ ጉራ ነው። ሰው በልብስ ስፌት ቤታችን በር ሲገባ፣ ገና ሰላም ሳይል፣ ወገቡን፣ ትከሻውንና የእጅጌውን ቁመት እነግረዋለሁ። አክስቴ ሜትሩን ከአንገቷ አውርዳ ስትለካው ያው እኔ ያልኩት ይሆናል። አንዳንዴ በአንድ ሳንቲ ይበልጣል፤ እሱም ቢሆን ሰውየው ምሳ በልቶ ስለመጣ ነው እንጂ የእኔ ጥፋት አይደለም። ትምህርት ያቋረጥኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው። የተማሩት ያለ ማስመሪያ መስመር ማስመር አይችሉም፤ እኔ እችላለሁ። አክስቴ ስሜን ትታ "ሜትሬ" ትለኛለች። መጀመሪያ ለማሾፍ ነበር፣ እኔ ግን እንደ ሹመት ተቀበልኩት።

ያን ሰሞን የሰማንያ ተማሪ ዩኒፎርም ሱሪ ተቀብለን ነበር። ቤታችን ጠባብ ናት። ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ ጥግ ላይ ደግሞ የጋሽ ካውያ መተኮሻ። ጋሽ ካውያ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ እዚያው ጥግ ቆመው ልብስ ይተኩሳሉ፤ ትክክለኛ ስማቸውን የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም።

ማክሰኞ ጠዋት ሰማያዊውን ጣቃ ከመደርደሪያው አወረድኩና በትከሻዬ ተሸከምኩት። ጨርቁ የተጠቀለለበት ዱላ ከጫፉ ወጣ ብሏል።

"ቀስ በይ፣ ከኋላሽ ሰው አለ" አሉ ጋሽ ካውያ።

"አይቻለሁ። አንድ ክንድ ይተርፋል" ብዬ ዞርኩ።

አልተረፈም። አክስቴ ከመኪናዋ ብድግ ስትል የዱላው ጫፍ ግራ ዓይኗን አገኘው። ድምፁ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ፤ ጮክ ያለ አልነበረም፣ "ቋ" ብቻ። አክስቴ "ውይ" አለችና መልሳ ተቀመጠች። እሷ መጮህ አይሆንላትም። እኔ ግን ለሁለታችንም ጮኽኩ።

ጤና ጣቢያ ስንደርስ ዓይኗ እንደ ቡጢ አብጦ ተዘግቷል። ነርሷ ካርዱን እየሞላች፣

"ማን መታዎት?" አለቻት።

"ጣቃ።"

"አይፍሩ፣ ይንገሩኝ። ባለቤትዎ ነው?"

"ባል የለኝም። ያለኝ ጣቃ ነው።"

ነርሷ ቀና ብላ አብረውን የመጡትን ጋሽ ካውያን ከላይ እስከ ታች አየቻቸው። ምስኪን፣ ሁለት እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ወደ በሩ ፈቀቅ አሉ። እኔ "እኔ ነኝ" ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን የአክስቴን ነጠላ አስተካከልኩላት።

እዚያ ያየን ሐኪም የዓይኗን ዙሪያ በጣቱ ዳስሶ፣ ከዓይኑ ሥር ያለው አጥንት ሳይሰበር አይቀርም አለ። ለትልቁ ሆስፒታል ወረቀት ጻፈልን፤ ዓርብ ሄደን ሲቲ ስካን እንድንነሳ። "እስከዚያ አፍንጫዎን እንዳይናፈጡ" አላት። ዓይኗ ታሞ አፍንጫዋን የከለከላት ለምን እንደሆነ አልገባኝም፣ አልጠየቅኩምም።

ዓርብ ጠዋት እብጠቱ ቀነስ ብሎ ዓይኗ ተከፈተ። አክስቴ ወረቀቱን በአንድ እጇ፣ መቀሱን በሌላው ይዛ ቆማለች። ሆስፒታል መሄድ ማለት ሙሉ ቀን ወረፋ ማለት ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ያልተሰፋ ሰማያዊ ጨርቅ ተቆልሏል።

"እስቲ ቁጭ በይ፣ እኔ ልለካሽ" አልኳት።

በነጭ ክር ለካኋት። ከቅንድቧ እስከ ታችኛው ሽፋሽፍቷ፣ መጀመሪያ ቀኙን፣ ቀጥሎ ግራውን፣ እየቋጠርኩ። ከዚያ ከኋላዋ ቆሜ ከግንባሯ በላይ ቁልቁል አየሁ፣ አንዱ ዓይን ከሌላው ወጣ ወይም ገባ ብሎ እንደሆነ። እኩል ነበር። ቋጠሮው ከቋጠሮው ጋር ቁጭ አለ።

"እኩል ነው። ምንም አልተሰበረም፣ እብጠት ብቻ ነው።"

"እርግጠኛ ነሽ ሜትሬ?"

"እትዬ ደግሞ፣ እኔ መቼ ተሳስቼ አውቃለሁ?"

"ማክሰኞ" አሉ ጋሽ ካውያ፣ ዓይናቸውን ከካውያው ሳያነሱ።

ማንም አልሰማቸውም። አክስቴ ወረቀቱን አጥፋ የመኪናዋ መሳቢያ ውስጥ ከተተችና መስፋት ጀመረች።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት በሙሉ አንድ ዓይነት ነበሩ። መስፋት፣ መተኮስ፣ ሻይ፣ መስፋት። አክስቴ ቶሎ ቶሎ ትደክም ጀመር። ግራ ዓይኗን ጨፍና ትሰፋለች፤ እያሳረፈችው መሰለኝ። ክር መርፌ ውስጥ ስታስገባ ሁለት ሦስት ጊዜ አየሩን ትወጋለች፤ ብርሃኑ አነሰ ብዬ አምፖል ቀየርኩላት። አንድ ቀን የሰፋችው ስፌት እንደ ሰካራም ሲንገዳገድ አየሁና፣ የእኔ ነው ብላ እንዳትቆጣኝ ፈትቼ መልሼ ሰፋሁት። ይሄን ሁሉ በዓይኔ እያየሁ አንዱንም አላየሁትም።

በተመታች በዘጠነኛው ቀን፣ ሐሙስ፣ የጨርቁ ብናኝ አስነጠሳት። መሐረቧን አወጣችና በደንብ ተናፈጠች። ቀና ስትል ግራ ዓይኗ የለም! እላችኋለሁ፣ ዓይኔ እያየ የታችኛው የዓይኗ ቆብ እንደ ፊኛ ተነፍቶ ዘጋው። በጣቴ ስነካው ቆዳዋ ሥር እንደ ላስቲክ ከረጢት ኮሽ ኮሽ አለ። ጋሽ ካውያ ካውያውን ከሶኬት ነቀሉት። እሳቸው በሥራ ሰዓት ካውያ ሲነቅሉ አይቼ አላውቅም፤ ያኔ ነው በእውነት የፈራሁት።

ሆስፒታሉ አግዳሚ ወንበር ላይ ለስንት ሰዓት እንደተቀመጥን አላውቅም። ከካርድ ክፍል ወደ ተረኛ ሐኪም፣ ከተረኛ ሐኪም ወደ ሲቲ ስካን፣ ከሲቲ ስካን እንደገና ወደ ወንበር። ግድግዳው እስከ ሰው ትከሻ ድረስ አረንጓዴ ነው፣ ከዚያ በላይ ነጭ፤ መገናኛው ላይ ሰዎች ራሳቸውን ደገፍ አድርገው ስለሚተኙ ጠቁሯል። አክስቴም እዚያው ጥቁረት ላይ ራሷን አሳረፈች። ስሟ ሲጠራ እኔ ነኝ የቀሰቀስኳት። ክብ ዋሻ የመሰለው መሣሪያ ውስጥ አስተኝተው እኔን አስወጡኝ፤ ብቅ ስትል "መተኮሻ ጠረጴዛ ላይ የተረሳሁ ሸሚዝ መሰልኩ" አለችኝ።

የተቀበለችን ዶክተር ወጣት ናት፤ ግን ፊቷ ስንት ቀን እንዳልተኛች ይናገራል። ጋውኗ አንድ ቁልፍ የለውም። በአንድ እጇ የተዘጋውን ግራ ዓይን ከፍታ ይዛ፣ በሌላው ብዕሯን አክስቴ ፊት አቆመች።

"ራስዎን ሳያንቀሳቅሱ በዓይንዎ ብቻ ይከተሉኝ። ወደ ላይ።"

ቀኝ ዓይኗ ወጣ። ግራው እንደታሰረ ውሻ መንገድ ላይ ቆመ።

"አሁን ወደ ታች። ስንት ብዕር ይታይዎታል?"

"ሁለት።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ዓይኔ ከተከፈተበት ከዓርብ።"

"እትዬ!" አልኩ። "ለምን አልነገርሽኝም?"

"እኩል ነው አልሽኝ" አለች በዝግታ። "እኔ የተሳሳትኩ መሰለኝ።"

ዱላው እኔን ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ዶክተሯ የድሮውን ወረቀት ዘርግታ ቀኑን አየች። "ዓርብ ነበር እኮ ቀጠሯችሁ። ለምን ቀራችሁ?"

"ለክቼ ነበር" አልኩ።

"በምን?"

"በክር።"

ወረቀቱን መልሳ አጠፈችው። የምትቆጣ መሰለኝ፣ ግን ለመቆጣትም አቅም ያጣች ይመስለኛል። "ሲመታ ያበጠው ሥጋ ዓይኑን ወደ ፊት ይገፋዋል። የተሰበረው ወለል ደግሞ ወደ ኋላና ወደ ታች ይለቀዋል። አንዱ ሌላውን ስለሚሸፍን ለጥቂት ቀናት እኩል ይመስላል። እብጠቱ ሲያልቅ ነው ዓይኑ የሚሰምጠው" አለች። "ክርሽ አልዋሸም። የለካሽው ግን እብጠቱን ነው።"

ምስሉን ከፈተችልን። የአክስቴ ራስ እንደ ዳቦ ተቆራርጦ፣ ቁራጭ በቁራጭ፣ ግራጫ ሆኖ ያልፋል። በቀኝ በኩል ከዓይኗ ሥር እንደ ክር የቀጠነ ነጭ መስመር አለ። በግራ በኩል መስመሩ መሐል ላይ ተቆርጦ፣ አንዳች ነገር በቀዳዳው ቁልቁል ተንጠልጥሏል።

"ኪሱ የተቀደደ ሱሪ ነው" አልኩ ሳላስበው። "የኪሱ ዕቃ ገበር ውስጥ ወድቋል።"

ዶክተሯ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። "እሱ ነው። ዓይኑ የተቀመጠበት ስብና ከሥሩ ያለው ጡንቻ ወደ ታችኛው ባዶ ክፍል ወርደዋል። ያ ክፍል ከአፍንጫ ጋር ይገናኛል፤ ለዚህ ነው ስትናፈጥ አየር ዓይኗ ሥር የገባው። አሁን ቀዳዳውን እንለካ።"

"ስድስት ሳንቲ" አልኩ፣ በዓይኔ።

"ስድስት ሳንቲ ቢሆን ኖሮ ዓይኗን ከአፏ ነበር የምንለቅመው። ምስሉ ጎልቶ ነው የሚታየው፣ የኔ ልጅ።" ቀዳዳው ጠርዝ ላይ አንዴ ነካች፣ ማዶ ጠርዝ ላይ አንዴ፤ በመሐል መስመር ተሰመረና ቁጥር ወጣ። አሥራ ዘጠኝ ሚሊ። በአግድሙ አሥራ ሰባት። ከዚያ የሁለቱንም ዓይኖች ጉድጓድ ዙሪያ በየቁራጩ አሰመረች፤ ግራው ከቀኙ በሁለት ሚሊ ሊትር ተኩል ሰፍቷል። እኔ አንድ ሱሪ ለመለካት ይህን ያህል ብቆይ አክስቴ ታባርረኝ ነበር።

"በዚህ ስፋት ላይ ጡንቻውም ተይዟል፤ ቀዶ ጥገና ያስፈልጋል" አለች ዶክተሯ። "ሁለት ሳምንት ካለፈ የወረደው ነገር በወረደበት ይጣበቃል። ሰኞ እናስገባዎታለን።"

አክስቴ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ነበር። "እኔ ሥራዬ ወደ ታች ማየት ነው፣ ዶክተር። ወደ ሰማይ ባላይ ግድ የለኝም። አንዷን መርፌ አንድ አድርጊልኝ።"

"የምችለውን አደርጋለሁ። ቃል ግን አልገባም። ዘጠኝ ቀን አሳልፋችኋል።"

ዘጠኝ ስትል እኔን አላየችኝም። አለማየቷ ይበልጥ ከበደኝ።

በማግስቱ ዓርብ ደግመን ስንሄድ ዶክተሯ ኮምፒውተሩ ላይ ጤነኛውን የቀኝ ዓይን ጉድጓድ ገልብጣ በተሰበረው ላይ አጋድማዋለች። የምታስገባው ስስ የብረት ወንፊት ነው፤ ቅርጹን ከዚያ ነው የምትወስደው።

"አሃ" አለች አክስቴ። "የሸሚዙን ቀኝ ደረት ገልብጦ ግራውን መቁረጥ።"

"ልክ እንደሱ" አለች ዶክተሯ፣ በትክክለኛ መጠኑ የታተመ ወረቀት አንስታ በዶለዶመ መቀስ መቁረጥ ስትጀምር። አክስቴ ትንሽ ታገሠች። ከዚያ አልቻለችም።

"አምጪው። ወረቀቱን እያኘክሽው እኮ ነው። ለመጋጠሚያ ትርፍ ትተሻል?"

"በየጠርዙ ሦስት ሚሊ። ጤነኛው አጥንት ላይ መቀመጥ አለበት።"

አክስቴ ከቦርሳዋ የራሷን መቀስ አወጣች፣ ግራ ዓይኗን ጨፈነች፣ የራሷን የዓይን ወለል ቅድ ቆረጠች። የአንድ ብር ሳንቲም የምታህል ወረቀት። እኔን "ቁረጪው" ብትለኝ አልችልም ነበር።

ሰኞ ከእኔና ከጋሽ ካውያ በቀር ወንበሩ ላይ ማንም አልነበረም። አክስቴን ጠዋት አስገቧት። በሮቹን ቆጠርኩ፣ የወለሉን ንጣፍ ቆጠርኩ፣ እንደገና ጀመርኩ። ጋሽ ካውያ ዳቦ ገዝተው ግማሹን ሰጡኝ፤ ይዤው ቀረሁ።

"ጋሼ፣ እኔ ነኝ እኮ የመታኋት።"

"አውቃለሁ። ቆሜ ሳይ ነበር።"

"ነርሷ እርስዎን ስታይ ዝም አልኩ።"

"እሱንም አውቃለሁ።"

"የመጀመሪያውን ዓርብ ቀጠሮ ያስቀረሁባትም እኔ ነኝ።"

"አሁን ዳቦሽን ብይ። ስትራቢ ደግሞ ታለቅሻለሽ፤ ስታለቅሺ መቋቋም አልችልም፣ አርጅቻለሁ።"

በላሁ። ከዚያም አለቀስኩ። እሳቸውም ጣሪያውን እያዩ ችለውኛል።

ከሁለት ሰዓት ተኩል በኋላ ዶክተሯ ኮፍያዋን በእጇ ይዛ ወጣች። በታችኛው የዓይን ቆብ በውስጥ በኩል ገብታ የወረደውን ሁሉ መልሳ፣ ወንፊቱን ዘርግታለች። "ቅዱ ገጥሟል በያት" አለችኝ። በማግስቱ አክስቴ እንደገና ምስል ተነሳች፤ ነጩ መስመር ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ሄዷል። ዓይኗ ምን ያህል ወደ ፊት እንደወጣ በመለኪያ ሲታይ የግማሽ ሚሊ ልዩነት ብቻ ነው።

ግን ብዕሩ ወደ ታች ሲወርድ፣

"ስንት?"

"ሁለት" አለች አክስቴ። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞረች።

ጡንቻው ተጎድቷል፣ ሳምንታት ይፈልጋል፣ ምናልባት ይስተካከላል፣ ምናልባት አይስተካከልም። ዶክተሯ ያለችው ይኸው ነው። በቀን አምስት ጊዜ ዓይኗን እንዳሠራት አዘዘችኝ። ቀይ የክር ጥቅል ፊቷ ይዤ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ላይ፣ ወደ ታች። እጄ ሲዝል በሌላው እይዛለሁ።

"ስንት?"

"ሁለት። አንቺም ሁለት ነሽ። አንዷ አልበቃ ብላኝ።"

በሁለተኛው ሳምንት ቀልዷን ተወች። "ሁለት" ብቻ። በሦስተኛው ሳምንት ቁጥሩንም ተወችና ሁለት ጣቷን ታነሳልኝ ጀመር። ጥግ ላይ ተቀምጣ መቀሷን በጨርቅ ትወለውላለች፤ ንጹሑን መቀስ እንደገና ትወለውላለች። ከዚህ ሁሉ መቀሱን መወልወሏን አልወደድኩትም።

የቀሩትን ሱሪዎች የሰፋሁት እኔ ነኝ። ዩኒፎርሙን ያዘዙት ሁለት ጊዜ መጥተው ተቆጡ፣ ጋሽ ካውያ እየለመኑ መለሷቸው። ጀርባዬ እንደ አሮጊት ጎበጠ፤ ጣቶቼ መርፌ የወጋቸው የት የት እንደሆነ መቁጠር ትቻለሁ። እናም ስሙኝ፣ ሁሉንም በሜትር ለካሁ። እያንዳንዱን እግር፣ ሁለት ጊዜ። አክስቴ ከጥግዋ "ስንት ሆነ?" ትለኛለች፣ ቁጥሩን እነግራታለሁ፣ "ድገሚው" ትለኛለች፣ እደግማለሁ። እስከ ሰባ ዘጠነኛው ድረስ እንዲህ ነው የጨረስኩት። ሰማንያኛውን ሜትሩ ጨርቅ ሥር ጠፋብኝ። ደከመኝም። ለአንድ ሱሪ ብዬ ቁልሉን አላፈርስም ብዬ በዓይኔ ቆረጥኩት፤ ሰፍቼ፣ ተተኩሶ፣ ከሌሎቹ ላይ ተሰቀለ። በሰባተኛው ሳምንት መጀመሪያ ላይ ነበር።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ እንደ ልማዳችን የክር ጥቅሉን ይዤ ፊቷ ቆምኩ። ወደ ላይ። ሁለቱም ዓይኖቿ እኩል ወጡ። ወደ ታች። ጣት እስክታነሳልኝ ጠበቅኩ። አላነሳችም።

"ስንት?"

ጥቅሉን ትክ ብላ አየችው።

"እትዬ፣ ስንት ነው?"

"ዝም በይ እስቲ።" ጥቅሉን ከእጄ ወሰደችና ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ቁልቁል አየችው። አነሳችው፣ ዝቅ አደረገችው። ከዚያ ከደረቷ ላይ የሰካቻትን መርፌ ነቀለች፣ ሁለቱንም ዓይኖቿን ከፍታ ክሩን ወደ ቀዳዳው ወሰደችው። በአንዴ ገባ። ጋሽ ካውያ ካውያውን ሸሚዝ ላይ እንደያዙ ቆመው ቀርተዋል፤ የተቃጠለ ጨርቅ ሽታ እስኪነሳ አላነሱትም።

"አንድ" አለች አክስቴ፣ ለራሷ።

እኔ እንደሆንኩ አፌ አያርፍም። እንባዬን በእጅጌዬ ጠረግኩና ፊቷን በሁለት እጄ ይዤ ግራና ቀኝ አየሁት። "እኩል ነው! ግማሽ ሚሊ እንኳን የለውም። ዶክተሯ በማሽን የለካችውን እኔ በዓይኔ አረጋገጥኩልሽ። አላልኩሽም እትዬ? ይቺ ዓይኔ እኮ..."

አክስቴ እየሰማችኝ አልነበረም። በትከሻዬ ላይ አሻግራ፣ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ሱሪ እግሮች ቁልቁል ታያለች።

"ዓይንሽን ተይውና ያን ሱሪ አውርጂው" አለች። "አንዱ እግሩ በሁለት ጣት ያጥራል።"